የሉባባ ክፍል

ጥቅምት 14፣ ዓርብ። 11 ሰዓት

ዛሬም ያው ነው። አንድ ደንበኛ ስልኩን አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ሰማያዊ መስታወት፣ ከፊት ወፋፍራም ምሰሶ፣ ጣሪያው ላይ የውሃ ታንከር። ይችን የምትመስል ሣልልኝ አለ። የማን ቤት ነው ብዬ ጠየቅሁት፤ አያውቅም። ከቲክቶክ ነው። የት አገር እንደሆነም አያውቅም።

ሣልኩለት። ምን ላድርግ?

አንተ ደብተር እግር ስለሌለህ ዕድለኛ ነህ። እግር ቢኖርህና ከደሴ መግቢያ እስከ ወልድያ መውጫ ብትሄድ አንድ ቤት ብቻ ነው የምታየው፣ እየተገለበጠ የተሠራ። ግማሹን የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ተመርቄ ወደዚህ ወደ ሐይቅ ከተማ ስመለስ፣ ቤት ባለቤቱን መምሰል አለበት እያልኩ ሰው ሁሉ እስኪሰለቸው ድረስ አወራ ነበር። አሁን ዝም ብያለሁ። አርክቴክት ነኝ ማለትም ትቻለሁ፤ ኢንጂነር ሲሉኝ አቤት እላለሁ።

ልዘጋ ስል እናትና ልጅ ገቡ። እናትየው እማማ ከድጃ ይባላሉ፣ ልጅቱ ሉባባ። ሉባባ ከዐረብ አገር ከተመለሰች ወር አልሞላትም። ገና ልጅ ሳለች ሄዳ በሰው ቤት ስትሠራ ነው የኖረችው። ከሻሿ ጠርዝ ሽበት ይታያል። ለእናቷና ለራሷ ቤት ልታሠራ ነው። አሁን ስልኳን ታወጣለች ብዬ ጠበቅሁ። አላወጣችም። ምን ዓይነት ቤት እንደምፈልግ አላውቅም አለች።

አላውቅም! ከዚህ ቃል ጋር ከተገናኘን ስንት ዘመናችን። ወንበር አቀረብኩላቸው።

ጥቅምት 18

ቦታውን አየሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ተዳፋት ላይ ነው። ከታች ሐይቁ፣ በሰሜን የአምባሰል ተራሮች። ባጃጁ ዳገቱን እምቢ ስላለ የቀረውን በእግር ወጣን። እማማ ከድጃ ቀድመውኝ ደረሱ። እኔ ሳለከልክ አይተው፣ ኢንጂነሬ ጎበዝነትህ ወረቀት ላይ ነው አሉኝ።

የተለመዱ ጥያቄዎቼን ጠየቅሁ። ሰው ሁሉ የሚስቅባቸው ጥያቄዎች ናቸው። ጠዋት ስትነሺ መጀመሪያ ምን ማየት ትፈልጊያለሽ? እንግዳ ሲመጣ የት ታስቀምጫለሽ? ብቻሽን ስትሆኚስ የት ነሽ? እማማ ለሁሉም መልስ አላቸው። ከበሩ አጠገብ ሰፊ መደብ ይሁንልኝ፣ ጎረቤት ጫማውን ሳያወልቅ አረፍ ይበልበት። መስገጃዬ ፊቱ ወደ አምባሰል ይሁን፣ መካ በዚያ በኩል ነው። ማድቤቱ ሁለት ምድጃ ይኑረው። የእህታቸው ልጆች ክርስቲያኖች ናቸው፤ በዓል ሲሆን አብረው ይውላሉ፣ ግን የየራሳቸውን አርደው በየድስታቸው ነው የሚሠሩት። እየጻፍኩ ልቤ ሞቀ። ይሄ ነው ቤት ማለት። ይሄ ከስልክ አይገለበጥም።

ሉባባ (ከዚህ በኋላ ሉ.፣ እጄ ሰነፍ ነው) ብዙ አትናገርም። ብቻሽን ስትሆኚ ያልኳት ላይ ቀና ብላ አየችኝና፣ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም አለች። ከዚያ ለምለው ሁሉ ሐዲር። ሳሎኑ ወደ ሐይቁ ይዙር? ሐዲር። ደረጃ አናበዛም፣ እናትሽ ጉልበታቸውን ያማቸዋል? ሐዲር። በዐረብኛ እሺ ማለት ነው። ደስ የሚል ቃል ነው። ፈጣሪ እንዲህ ያለ ደንበኛ በየወሩ አንድ ቢልክልኝ ምን አለበት?

ጥቅምት 25። ማታ

ፕላኑን አሳየኋቸው። አንድ ነገር ሆነ፣ ምን እንደሆነ ግን በደንብ አልገባኝም።

ከዐረብ አገር ለሚመለስ ሰው ሁሉ እንደማደርገው ከማድቤቱ ኋላ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ትንሽ ክፍል ሥዬ ነበር። ፍራሽ ቢነጠፍባት ቦታ አይተርፋትም። መስኮት የላትም፤ ኮርኒሱ ሥር የአየር ቀዳዳ ብቻ። የኖሩበት ቤት ሁሉ ስላለው እነሱም ይፈልጉታል። ላዩ ላይ የሠራተኛ ክፍል ብዬ ጽፌበታለሁ። እጄ ነው የጻፈው፣ እኔ አላሰብኩበትም።

ሉ. ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። ሳሎኑን አየች፣ የእናቷን መኝታ አየች፣ በሐይቁ በኩል ያለውን ትልቁን መኝታ አለፈችው። ጣቷ ሄዶ ሄዶ እዚያች ትንሿ ላይ ቆመ።

"የኔ ይቺ ናት።"

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። የለም፣ ያንቺ ይሄ ነው፣ ትልቁ፣ ያቺ ለሠራተኛ ናት አልኩ። ሠራተኛ አልቀጥርም አለች፤ ይቺ ትበቃኛለች። እማማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሻይ አዘዝኩ። ሻዩ ሳይጠጣ ቀዘቀዘ።

ጥቅምት 26

ሥራ የለም። ወረቀቱን ዘርግቼ እሱኑ ሳይ ዋልኩ።

ቤት ባለቤቱን ይምሰል ስል የኖርኩት ሰውዬ አሁን ምን ልበል? ይቺ ሴት ባለቤት ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ክፍል ያቺ ብቻ ናት፤ የሌላውን ሰው ሰፊ ክፍል ስታጸዳ ውላ እዚያ ነው የምትገባው። እሷን የሚመስል ቤት ሥራ ከተባልኩ ያንን ጉድጓድ መሥራት ሊኖርብኝ ነው። በገዛ ምድሯ፣ በገዛ ብሎኬቷ! ይሄን አልሠራም። መማሬ ለዚህ ከሆነ ይቅርብኝ።

ደግሞ ማን ነህ አንተ አልኩ ራሴን። ምሳም አልበላሁ።

ጥቅምት 30

ትንሿን ክፍል አጠፋኋት። ቦታዋን ለልብስ ማጠቢያው ሰጠሁት።

የሉ. መኝታ አሁን የቤቱ ልብ ነው። በሐይቁ በኩል ያለው ግድግዳ ከሞላ ጎደል መስኮት ነው። ከሳሎኑ የሚለየው ደግሞ ተንሸራታች የመስታወት በር ነው፤ ጠዋት ብርሃኑ ከሐይቁ ተነሥቶ በእሷ ክፍል በኩል አልፎ እናቷ መደብ ድረስ ይደርሳል። ስንት ዓመት እንዲህ ያለ ነገር አልሣልኩም። ቆሜ አየሁት፣ ተቀምጬ አየሁት።

ለሉ. ረዥም ንግግር አደረግሁላት። አሁን የሰው ቤት አይደለም፣ ያንቺ ነው፣ ብርሃን ይገባሻል፣ መደበቅ ቀረ አልኳት። እሷ ወረቀቱን አየችና በሩስ አለች። መስታወት ነው፣ ይንሸራተታል፣ ቀን ከሌት ክፍት ብትተይውም ያምራል አልኳት።

ሐዲር አለች።

ኅዳር 9

መሠረት ተቆፈረ። ግንበኛው ይመር ሲባጎውን ይወጥራል፣ እየወጠረ ያወራል፤ አፉና እጁ አብረው ነው የሚሠሩት። እማማ ለሠራተኞቹ ንፍሮ ይዘው መጥተው ዱዓ አደረጉ። ክርስቲያኑም እስላሙም አሚን አለ። ጥሩ ቀን ነበር፣ እስከ እኩለ ቀን።

ከዚያ እማማ ክንዴን ይዘው ወደ ዳር ወሰዱኝ። ልጃቸው አትተኛም። በተከራዩት ቤት አልጋ አንጥፈውላት ነበር፤ አልጋው ላይ ልብሷን ታስቀምጥበታለች እንጂ አትወጣበትም። እህሉ ከተደረደረበት ጥግ ኩርምት ብላ ነው የሚያገኟት። ድምፅ ከሰማች ብድግ ትላለች። የታጠበ ሰሃን መልሳ ታጥባለች። እዚያ ትሠራላት የነበረችው ሴትዮ ደግሞ ስልኳን አታቆምም፤ ነይ እያለቻት ነው።

"እኔ ቤት አልፈለግሁም ኢንጂነሬ። ልጄን የሚይዝልኝ ነገር ነው የፈለግሁ። ይዞ የሚያስቀርልኝ ሥራልኝ።"

አብሽሩ እማማ አልኳቸው። መስኮቱን፣ ብርሃኑን አሰብኩ። ይይዛታል አልኳቸው። እንዲህ ብዬ ቃል ገባሁ እንግዲህ። ምን ነካኝ?

ኅዳር 27

ግድግዳው ወገብ ደረሰ። ሉ. ዛሬ ሳቀች! ይመር ስለ አማቱ የሚያወራው አንድ ወሬ አለው፣ መቶ ጊዜ ሰምቸዋለሁ። እሷ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሰማችው። አፏን በሻሿ ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። እማማ አይተው ዓይናቸው እንባ ሞላ። ወደ ቤቴ ስመለስ አፌ ላይ ዜማ ነበር፣ አምባሰል ቅኝት፤ እኔ ደግሞ ድምፅ የለኝም። ባጃጅ ነጂው ዞሮ አየኝ።

ይሆናል። የሚሆን ይመስለኛል።

ታኅሣሥ 20

የመስኮቱ ቦታ ተከፈተ። ሉ.ን ጠርቼ አስገባኋት። ሐይቁ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ዛፋም ምድር፣ የዓሣ አጥማጆቹ ታንኳ፣ ሁሉም። እኔ እጄን ዘርግቼ አሳያለሁ። እሷ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ የመስታወት በሩ የሚገባበትን ሰፊ ክፍት ቦታ ነው የምታየው። ከሳሎን ሠራተኞቹ ያልፋሉ፣ ይመለሳሉ። እነሱ ባለፉ ቁጥር ሻሿን ታስተካክላለች።

እንዴት አየሽው አልኳት። ማሻአላህ፣ ቆንጆ ነው አለች፣ ወጣች። ትንሽ ቆይቼ ስፈልጋት ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ቆማ አገኘኋት። ምን ፈልገሽ ነው አልኳት። ምንም አለች።

እንቅልፍ የለኝም። ትለምደዋለች እላለሁ። ሰው ብርሃን ይለምዳል አይደል? ደግሞ ከለመደችም በኋላ ይሄን ቤት አንድ ሰው አይቶ እንዲህ ሥራልኝ ብሎ ይመጣ ይሆናል እላለሁ። ተመልከት ሐሳቤ የት እንደሚሄድ። ስለ እሷ ጀምሬ ስለ ራሴ ነው የጨረስኩት።

ጥር 12፣ የጥምቀት ማግስት

ገና አቧራዬን ሳላራግፍ ነው የምጽፈው።

ጣሪያው አልቋል፤ የሊሾውን ሥራ ለማየት ሄጄ ነበር። በበዓሉ ምክንያት ሠራተኛ ጥቂት ነው። ሉ. የተረፈ ብሎኬት ላይ ተቀምጣለች። ስልኳ ጠራ፤ ከዐረብ አገር ነው። አየችውና ተነሥታ ቆመች። ቀሚሷን ሳበች፣ ሻሿን አጠበቀች፣ እግሯን ገጠመች። ማን ያያታል? ከዚያ አነሣችው።

ሐዲር ማማ። ሐዲር። ሐዲር።

ድምፁን አወቅሁት። ለእኔ የምትናገርበት ድምፅ ነው። አንዲት ፍሬ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ሳሎኑ ወደ ሐይቁ ይዙር ስላት፣ በሩ ይንሸራተታል ስላት፣ መደበቅ ቀረ ብዬ ንግግር ሳደርግላት። እኔ እሺ ማለት ነው ብዬ ነበር። እሺ አይደለም። እሺ የሚል ሰው እምቢም ማለት ይችላል። ይሄ ቃል ሌላ ነው። ጠርታኛለችና ቆሜያለሁ ማለት ነው፣ የፈለግሽውን እዘዢኝ ማለት ነው።

ሦስት ወር ሙሉ ማዳሟ ሆኜ ኖሬያለሁ። የምወደውን ቤት እንድትወድልኝ አዘዝኳት። እሷም እንደታዘዘችው ወደደችልኝ።

ስልኩን ስትዘጋ ምን አለች አልኳት። የማዳሟ እናት ታማ ተኝታለች፤ ከአንቺ ሌላ ሰው አልፈልግም ብላለች። ልትሄጂ ነው? አላወቅሁም አለች።

ጥር 14

ያልተለሰነው መደብ ላይ አጠገብ ለአጠገብ ተቀመጥን። ለመንኳት። እውነቱን ንገሪኝ፣ የማትወጅውን አፈርሰዋለሁ፣ መስኮቱንም በሩንም። ያችን ትንሿን ክፍል ትፈልጊያለሽ? እሠራታለሁ። ብቻ የምትፈልጊውን ንገሪኝ።

ብዙ አሰበች። ተንኮል የለበትም፣ ከልቧ ነው የጠየቀችኝ፦

"ምን ብልህ ደስ ይልሃል?"

ምን ትመልስላታለህ? አንተ ወረቀት ነህ፣ እስቲ ንገረኝ። እንዲህ አይደለም ያልኩት፣ አንቺን ነው የጠየቅሁት አልኩ፤ ድምፄ ሳላስበው ከፍ አለ። ደነገጠች። ሐዲር አለች። እባክሽ ያንን ቃል ተይልኝ አልኳት። ሐዲር አለች እንደገና፣ ወዲያው አፏን ያዘች። ሁለታችንም ሳቅን።

ቤቱ ካለቀ በኋላ ማፍረስ ነውር ነው፣ እንዲህም ጥሩ ነው አለችኝ በመጨረሻ። እኔም ደክሞኝ ነበር። አሉሚኒየም ሠሪው በሩን ቆርጦ ጨርሷል። እሺ አልኩ። ሰነፍ!

የካቲት 3

ገቡ። ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። መደቡ ጠበበ። አንዱ ምድጃ ላይ የእስላሙ ወጥ፣ ሌላው ላይ የክርስቲያኑ። እማማ እንግዳ እየተቀበሉ ከወዲህ ወዲያ ይላሉ። የእሳቸው ቤት ሆኗል፤ እሳቸውን ይመስላል፣ ድምፃቸውን ሳይቀር። ይሄን አደረግሁ። ይሄስ እውነት ነው።

ሉ. ቤቱን ሙሉ ስታስተናግድ ዋለች። አንዴም አልተቀመጠችም። ሰዉ የመስታወት በሩን ወዲያ ወዲህ እያንሸራተተ ያደንቃል፤ ልጆች ሲጫወቱበት ዋሉ። ክፍሏን ሁሉም ገብቶ አየው። እንዴት ያለ መኝታ ቤት ነው አሉ። ሁለት ሰው እንዲሁ ሥራልን ብሎ ስልክ ቁጥሬን ወሰደ። የጠበቅሁት ቀን ነበር፤ ከእዚያ መጥፋት ብቻ ነው የፈለግሁት።

የካቲት 6

እማማ ቢሮዬ መጡ። ከከተማው ጫፍ ለዚህ ብለው። ሉ. መስታወቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅላለች። እሱም አልበቃትም፤ ፍራሿን ጎትታ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ አግብታ በሩን በባልዲ ደግፋ ነው የምትተኛው። ጠዋት ባልዲውን ሲገፉ ጮኸችባቸው። በእናቷ ላይ ጮኻ አታውቅም። ከዚያ እግራቸው ላይ ወድቃ አለቀሰች።

ምን በደልናት ኢንጂነሬ አሉ። ምንም አልኳቸው። እሄዳለሁ፣ አነጋግራታለሁ አልኳቸው። ነገ።

የካቲት 9

ዘገየሁ። ትናንት ሄዳለች።

ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው። እማማ ቢያንስ የመጀመሪያውን ፆም አብረን እንፈታለን ብለው ተምሩን ገዝተው ነበር። ሻንጣዋን አስፋልቱ ድረስ ተሸክመው ሸኝተዋታል። አላለቀስኩም፣ መንገድ ላይ ለቅሶ ጥሩ አይደለም አሉኝ። ለእኔ ሲነግሩኝ ግን አለቀሱ።

ይዞ የሚያስቀር ቤት። አፌን በቆረጠው።

የካቲት 10

ቢሮ አልከፈትኩም። ዛሬ ተስፋ ቆርጫለሁ፤ በሥራዬ፣ በራሴም። በሰው ቤት ውስጥ ምን አገባኝ? ስልክ ይዞ ለሚመጣው ያመጣውን ብገለብጥለት ይሻል ነበር፤ ቢያንስ እሱ የሚፈልገውን አውቆ ነው የሚመጣው። እኔ ግን ሰው እጠይቃለሁ፣ ከዚያ የራሴን መልስ እሠራለታለሁ።

ወደ ማታ ለሉ. የድምፅ መልእክት ላክሁላት። አንድ ጥያቄ ብቻ። በቤቱ ምን አጣሽ? ሌላ ምንም አልጨመርኩም። እንዲህ ብትይ ደስ ይለኛል የሚመስል ነገር እንዳይኖርበት ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ቀዳሁት። የምትመልስ አይመስለኝም።

የካቲት 16

መለሰች።

ድምፁ ሹክሹክታ ነው። ከኋላው የሚፈስ ውሃ ይሰማል፤ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧ ከፍታ ነው መሰለኝ፣ ሰው እንዳይሰማት። ቃል በቃል ልጻፈው፣ ሳሳምረው እንዳላበላሸው፦

"ኢንጂነር፣ ሰላም ነው? ጠይቀኸኝ ነበር። ቤቱ ቆንጆ ነው፣ እንዳይከፋህ። አላህ ይስጥህ፣ እማዬ ደስ ብሏታል። እዚህ የምተኛበት ክፍል ቁልፍ የለውም። ድሮም አልነበረውም። ማንም ሲፈልግ ይገባል። ያችን ትንሿን ወረቀቱ ላይ ሳያት፣ የራሴ ከሆነች ከውስጥ እዘጋታለሁ ብዬ ነው። ሌላ ነገር ፈልጌ አይደለም። መስታወት ነው ስትለኝ ምን ልበል? ይሄን እማዬ እንዳትሰማ።"

ማንም ሲፈልግ ይገባል። ሦስቴ ሰማሁት። አራተኛውን አልቻልኩም።

መስኮት አልጠላችም። ብርሃን አልጠላችም። ጠባብነትም አልወደደችም። እኔ ስለ መስኮት ስፈላሰፍ እሷ የጠየቀችኝ በሩን ነበር። በሩስ አለችኝ፣ አንዴ፣ በአንደበቷ። በዚያ ሁሉ ወር ከእኔ የጠየቀችው ብቸኛ ነገር። መስታወት ነው፣ ክፍት ብትተይውም ያምራል አልኳት።

አለቀስኩ። ይጻፍ።

የካቲት 18

እማማ ዘንድ ሄድኩ። ጾመኛ ናቸው፣ ከንፈራቸው ደርቋል። ለእኔ ውሃ ሊያመጡ ተነሡ፤ ከለከልኳቸው።

የመስታወት በሩን አውጥቼ ግድግዳውን በብሎኬት ልዘጋው፣ ጠባብ የእንጨት በር ላስገባለት ነው አልኳቸው። በእኔ ወጪ ነው፣ እርስዎ ምንም አያስቡ። ምነው፣ መስታወቱ ምን በደለ አሉ። የሐይቁ ንፋስ ያስቸግራል፣ ክረምት ሲመጣ ሳሎኑን ያቀዘቅዝብዎታል አልኩ። ዋሸሁ። ከዚህ ሌላ ምን ልበል? እማዬ እንዳትሰማ ብላኛለች። የማውቀውን ይዤ ፊታቸው ተቀምጫለሁ።

የክፍሉ ደፍ ላይ ተቀምጠው የተነጠፈውን አልጋ ያያሉ። ሳይተኛበት እንደተነጠፈ ነው።

"ጠቧት ይሆን እንዴ የሄደች?" አሉ። "ሌላ ክፍል ብንጨምርላት ኖሮ?"

የለም እማማ፣ አልጠበባትም አልኩ። ታዲያ ምን ጎደለ አሉኝ። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አሰርኩ፣ የታሰረውን። እሺ፣ ለንፋሱ ከሆነ ዝጋው አሉ በመጨረሻ፤ ንፋስ ለእሷም ጥሩ አይደለም፣ ስትመጣ።

የካቲት 19፣ ሐሙስ

ጠዋት ከይመር ጋር ተነጋገርን። ነገ መስታወቱን ያወጣል፣ ቅዳሜ ብሎኬቱን ይደረድራል። መስኮቱን አትንካው አልኩት። እሱን እሷ ትናገራለች፣ ከተናገረች። ይመር ለመጀመሪያ ጊዜ ምክንያቱን አልጠየቀኝም።

ከዚያ አናጢው ዘንድ። ደህና ወይራ ፈለግሁ፣ የለም፤ ዋንዛ አለኝ አለ። ዋንዛ ይሁን። ምንም ቀዳዳ የሌለው፣ ከላይም መስታወት የሌለው በር። ልኩን ሰጠሁት። ክፍሉ ምንድን ነው፣ ሰው ይተኛበታል ወይ አለኝ። አሁን ባዶ ነው አልኩ። እንግዲያስ መቀርቀሪያውን በውጭ አደርገዋለሁ፣ ንፋስ እየከፈተ እንዳያስቸግራችሁ አለ።

ከውስጥ ነው አልኩት።

መዶሻውን አስቀምጦ አየኝ። ባዶ ክፍል ማን ገብቶበት ነው ከውስጥ የሚዘጋው አለኝ። የሚለው ትክክል ነው። ከውስጥ ብቻ አልኩት፤ በውጭ በኩል ቁልፍም፣ ጉንዳን የሚገባበት ቀዳዳም አይኑር፣ እናቷም ቢሆኑ፣ እኔም ብሆን፣ እሷ ካልከፈተች እንዳንገባ። እሷ ማናት አለኝ። ሰኞ ይድረስልኝ አልኩት።